ተክሉ ጠራ፣ ተርቧ መጣች? ነገሩ ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል

«ተክል በተባይ ሲበላ ይጮኻል፤ ጥገኛ ተርቦችም ጩኸቱን ሰምተው ይደርሱለታል።» በማኅበራዊ ሚዲያ ተደጋግሞ የሚዞር አባባል ነው። ከሥሩ የሚጻፈውም አስተያየት ይመሳሰላል። አንዱ «ወይ ተአምር!» ብሎ ያልፋል። ሌላው ይደነግጣል፤ «ልጆቻችንን ሊነድፉብን ነው ወይ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል፦ «እሺ፣ ታዲያ የትኛውን ተክል ልትከል?»

የሦስተኛው ሰው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። ኬሚካል ውድ ነው። ሲገኝም ትሉ በቆሎው እምብርት ውስጥ ተወሽቆ ርጭቱ ሳይደርስበት ይቀራል። ስለዚህ «ተርብ የሚጠራ ተክል አለ» ሲባል ወሬው ጆሮ ቢያገኝ አይገርምም።

ወሬው ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። የተክል ጠረን ተርቧን ማሳው ድረስ ያመጣታል። መምጣትና ትሉን መግደል ግን ለየቅል ናቸው፤ በመካከላቸው ብዙ ነገር አለ። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚፈጠረውም ይህ መካከለኛው ክፍል ስለሚዘለል ነው።

## የትኛዋ ተርብ?

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣው። እዚህ የምናወራው ከጣራ ሥር ቤቷን ስለምትሠራውና ሲነኳት ስለምትናደፈው ተርብ አይደለም። ኮቴሲያ የሚባሉት ጥገኛ ተርቦች ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ትሪኮግራማ የምትባለው ደግሞ ከጤፍ ቅንጣት ታንሳለች። ከሰው ጋር ጉዳይ የላቸውም።

«ጥገኛ» የሚለው ቃልም ትንሽ ያሳስታል። ኮሶ ጥገኛ ነው፤ ሰውየውን ግን አይገድለውም፣ ቢሞትበት ኪሳራው የራሱ ነውና። እነዚህ ተርቦች ከኮሶ ይለያሉ። እናቲቱ እንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ በመርፌዋ ትወጋለች። እጮቹ ትሉን ከውስጥ እየበሉ ያድጉና መጨረሻ ላይ ገድለውት ይወጣሉ። ሳይንሱ እንዲህ ዓይነቱን ገዳይ ጥገኛ «ፓራሲቶይድ» ይለዋል። ለገበሬው የሚጠቅመው ይህ ገዳይነቱ ነው።

## የተቆረጠ ሣር ጠረንና ከዚያ በኋላ የሚመጣው

ተርቧ ትልቅ ችግር አለባት። የምትፈልገው ትል የራሱ ሽታ ኢምንት ነው። ከመሸሸግ ውጭ መዳኛ የለውማ። ተክሉ ግን ትልቅ ነው፣ ብዙ ጠረን ያወጣል። ስለዚህ ተርቧ ትሉን ከሩቅ የምትፈልገው በተክሉ በኩል ነው።

ጠረኑ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሣር ሲታጨድ ወዲያው አፍንጫችንን የሚመታው ነው። ቅጠል በተቆረጠ በሰከንዶች ውስጥ ይወጣል። ግን ብዙ አይናገርም። ማጭድም ይቁረጠው፣ ፍየልም ትንጨው፣ ትልም ይብላው፣ መልእክቱ ያው «ተጎድቻለሁ» የሚል ነው።

ሁለተኛው ዘግይቶ፣ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ተክሉ አዳዲስ ተናኝ ንጥረ ነገሮችን መሥራት ይጀምራል። ተናኝ ማለት በአየር ላይ በቀላሉ የሚበተን ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ «ተርፒን» ከሚባለው ወገን ናቸው፤ የሎሚ ልጣጭና የባሕር ዛፍ ጠረን የሚመጣው ከዚሁ ወገን ነው። የሚገርመው፣ የተበላው ቅጠል ብቻ አይደለም ጠረኑን የሚያወጣው። ያልተነካውም ቅጠል ያወጣል። በብዛት የሚወጣውም ቀን፣ ብርሃን ሳለ ነው፤ ተርቦቹም የሚበሩት ያኔ ነው።

ተክሉ የቆረጠው ማጭድ ይሁን ትል በምን ያውቃል? በትሉ ምራቅ። እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቴድ ተርሊንግስ፣ ጂም ታምሊንሰንና ጆ ሉዊስ አሜሪካ ውስጥ የበቆሎ ችግኞችን ፈተሹ። በምላጭ የተጎዳ ቅጠል ብቻውን ያን ያህል ተርፒን አላወጣም። ቁስሉ ላይ ትሉ ከአፉ የሚተፋው ፈሳሽ ሲቀባ ግን ጠረኑ ፈነዳ፤ ተርቦቹም መጡ። በ1997 ታምሊንሰንና ተርሊንግስ ያሉበት ቡድን ከዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ዋናውን ቀስቃሽ ለይቶ «ቮሊሲቲን» የሚል ስም ሰጠው። ባጭሩ ትሉን የሚያጋልጠው የገዛ ምራቁ ነው።

## ጎመን ሌላ፣ በቆሎ ሌላ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ተርቦች ለምን ወደ አንዱ ተክል ይሄዳሉ፣ ሌላውን ይተዋሉ?

ቀላሉን ምሳሌ ከጓሮ እንውሰድ። ጎመንና ሰናፍጭ ሲፈጩ ወይም ሲታኘኩ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያወጣሉ። ይህ ሽታ ብዙ ነፍሳትን ያርቃል። ዲያሬቲየላ የምትባል ትንሽ ተርብ ግን ወደ እሱ ትበራለች፣ ምክንያቱም ጎመን ላይ የሚኖረውን ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ትፈልጋለች። በ1970 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ያው አንድ ዓይነት ክሽክሽ ጎመንም ላይ ቀይ ሥርም ላይ ነበር። ተርቧ በብዛት ያጠቃችው ጎመኑ ላይ ያለውን ነው። ሥጋው አንድ ነው፤ ቤቱ ግን ሽታው ይለያያል። ተርቧ የምታውቀው ደግሞ ቤቱን ነው።

ከዚህ የረቀቀም አለ። በ1998 የታተመ ጥናት ትምባሆን፣ ጥጥንና በቆሎን ወስዶ ሁለት በጣም የሚቀራረቡ የትል ዝርያዎችን ለቀቀባቸው። ተክሎቹ ለእያንዳንዱ ትል የተለየ የጠረን ቅንብር አወጡ። ካርዲዮኪለስ የምትባለው ተርብ የምትራባው በአንደኛው ትል ላይ ብቻ ነው። እሷም ቅንብሩን ለይታ የራሷ ትል ወደበላው ተክል ሄደች። የተክሉ ጠረን «ተበላሁ» ብቻ ሳይሆን «እገሌ በላኝ» ይላል ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ተርብ እንዲህ ያነብባል? አያነብብም። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ የአገዳ ቆርቁርን ለመቆጣጠር ከእስያ የመጣችውን ኮቴሲያ ፍላቪፐስን እንይ። በ1993 ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች፤ የተፈለገባት ቺሎ የሚባለው የቆላ አገዳ ቆርቁር ነው። በቺሎ ሰውነት ውስጥ ልጆቿ በደንብ ያድጋሉ። ችግሩ ቡሴኦላ የሚባለው የደጋው አገዳ ቆርቁር የበላው በቆሎም እኩል ይስባታል። ሄዳ እንቁላሏን ትጥላለች። የቡሴኦላ ሰውነት ደግሞ እንቁላሉን ከቦ አፍኖ ይገድለዋል። ድካሟ ሁሉ ውኃ በላው።

ድካም ስል ደግሞ እንዲያው አይደለም። ይህቺ ተርብ አገዳው ላይ ስታርፍ ትሉ ከቀዳዳው የገፋውን ኩስ በአንቴናዋ ትዳስሳለች። የሩቁ ጥሪ የተክሉ ነበር፤ ቅርብ ሲደረስ መሪው ኩሱ ነው። ከዚያ ትሉ በቦረቦረው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ራሷ ትገባለች። ትሉ ከእሷ በብዙ እጥፍ ይገዝፋል። ይተፋባታል፣ ይነክሳታል። ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ። የተሳካላት በአንድ ውጊያ ሠላሳ አርባ እንቁላል ትጥላለች። ዕድሜዋም ቢሆን ጥቂት ቀን ነው።

ሌላው ጉዳይ ትምህርት ነው። ተርብ ትማራለች። በ1990 ጆ ሉዊስና ኬይጂ ታካሱ ማይክሮፕሊቲስ የምትባል ተርብን በቫኒላና በቸኮላታ ሽታ አሠለጠኗት። አንዱን ሽታ ከምግብ፣ ሌላውን ከትል ጋር አገናኙላት። ስትራብ የምግቡን ሽታ ተከተለች። ስትጠግብ የትሉን። ተፈጥሮ ቸኮላታ የሚሸት ትል አላዘጋጀችላትም፤ ግን ተማረች። እንግዲህ «ይህ ተክል ተርብ ይስባል» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ የትኛዋን ተርብ? ምን ተምራ ያደገችውን? ርቧት ነው ጠግባ?

## ያልተነካው ሣር ለምን ይጠራታል?

ናይሮቢ ውስጥ ኢሲፔ የሚባል ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል አለ። (ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የመራችው ኢትዮጵያዊቷ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ናት።) በዚህ ማዕከል ዘያውር ካን፣ ከእንግሊዙ የሮታምስቴድ ምርምር ተቋም ደግሞ ጆን ፒኬትና ባልደረቦቻቸው በ1997 አንድ የሚገርም ነገር አሳተሙ። የሞላሰስ ሣር የሚባለው የከብት መኖ፣ ምንም ትል ሳይነካው፣ በቆሎ ሲበላ ብቻ የሚያወጣውን ተርፒን ያወጣል። በበቆሎ መካከል ሲዘራ እንቁላል የሚጥሉትን የአገዳ ቆርቁር እናቶች፣ ማለትም የእሳት እራቶቹን፣ አራቀ። አገር በቀሏን ኮቴሲያ ሴሳሚኤን ደግሞ ሳበ። በቆሎው ላይ በተርብ የተያዘው ትል ጨመረ።

ሣሩ ያለ ምክንያት የሚጮህ ጎረቤት ነው እንበል። ተርቧ ትመጣለች፣ ሣሩ ላይ ትል የለም። ግን ከአንድ እርምጃ ወዲያ የተበላ በቆሎ አለ። ጥሪው ውሸት ነው፤ አድራሻው ግን ቅርብ ነው። በዚህ የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ተርብ የምትማር ከሆነች ባዶ ጥሪ ውሎ አድሮ ትሰለቻለች ባይ ናቸው። ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል። ሣሩ በብዛት ተዘርቶ በቆሎ በሌለበት ቦታ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር? ማሳው ላይ የሚሠራው በቆሎው አጠገቡ ስላለ ነው ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ከዚሁ ሥራ የተወለደው «ግፋና ሳብ» የሚባለው ዘዴ ነው። ተባዩን እንዲገፋ በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፣ እንዲስበው ደግሞ ዙሪያውን ዝሆኔ ሣር ወይም ብራኪያሪያ የሚባል ሣር ይተከላል። በ2018 የታተመ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ጥናት ይህ ዘዴ በአንድ ተክል ላይ ያለውን የመጤ ተምች እጭ ብዛት ከብቻ ዘር ማሳ ጋር ሲነጻጸር በ82.7 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዴስሞዲየም አቀንጭራንም ያዳክማል፤ ለሰሜን ኢትዮጵያ ማሽላ አምራች ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ለምን እንደሚሠራ ግን ስምምነት የለም። ለዓመታት የተሰጠው ማብራሪያ «የዴስሞዲየም ሽታ ተባዩን ይገፋል» የሚል ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የወጣ ጥናት ደግሞ ሽታው ያን ያህል አይደለም፣ ተባዩን የሚይዙትና የሚገድሉት ቅጠሉ ላይ ያሉት መንጠቆ መሰል ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው ብሏል። ሌሎች ተመራማሪዎች ማሳ ላይ ሽታውን ለክተናል ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ለገበሬው ሩቅ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የሚሠራው ሽታው ከሆነ ጥቂት መስመር ይበቃ ይሆናል። ፀጉሩ ከሆነ ዴስሞዲየሙ መሬቱን መሸፈን አለበት። ዘሩም ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጨምራል።

## ድምፁ የጠፋበት በቆሎ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በ2011 በአማኑኤል ታምሩ ቀዳሚ ደራሲነት የወጣ የኢሲፔ ጥናት አለ። የቺሎ እናት (የእሳት እራቷ) በቆሎ ቅጠል ላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ ገና አልተፈለፈለም፤ ቅጠሉም አልተበላም። ነባር የበቆሎ ዝርያዎች ግን እንቁላሉ እንደተጣለባቸው ጠረናቸውን ቀየሩ። ሁለት ተርቦችም መጡ። አንዷ እንቁላሉን የምታጠቃው ትሪኮግራማ ናት። ሌላዋ ትሉን የምታጠቃው ኮቴሲያ ናት፤ ትሉ ሳይፈለፈል ቀድማ ደረሰች። ለፈተና የቀረቡት የገበያ ዲቃላዎች ይህን አላደረጉም። ዝም አሉ። ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት ኛሙላንና ጆዊን የመሳሰሉ የኬንያ ገበሬዎች ነባር ዘሮች ላይም ችሎታውን አግኝቶታል።

ተመሳሳይ ታሪክ ከመሬት በታችም አለ። የበቆሎ ሥር በትል ሲበላ የሚያወጣው አንድ ተርፒን ትሉን የሚገድሉ ደቃቅ ትሎችን ይስባል። የበቆሎ የዱር ቅድመ አያትና ብዙ የአውሮፓ ዝርያዎች ይህን ጠረን ያወጣሉ። አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች ግን አጥተውታል።

እንዴት ጠፋ? ማንም ሆን ብሎ አላጠፋውም። ዘር አራቢ የሚመርጠው በምርት፣ በበሽታ መቋቋም፣ በቁመት ነው። ሙከራ ማሳው ኬሚካል እየተረጨ የሚያድግ ከሆነ የሚጠራውና የማይጠራው በቆሎ ልዩነታቸው አይታይም።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ዲቃላ ይውደም» ማለት ችኮላ ነው። ሁሉም ዲቃላ ዲዳ አይደለም። ምርቱ እጥፍ የሆነለት ገበሬም ለተርብ ብሎ ወደ ድሮ ዘሩ አይመለስም፤ ተመለስ ማለትም አይገባም። ሚዛናዊው ሐሳብ ጠረኑን እንደ አንድ መለኪያ አዲስ ዘር ሲወጣ መፈተሽ ነው። በጂን ባንክ ለተቀመጠው ነባር ዘርም አንድ ተጨማሪ ዋጋ ይሰጠዋል።

## «ጩኸት» የሚለው ቃል ያመጣው ጣጣ

ተክሉ እርዳታ እየጠራ ነው ማለት ለወሬ ይመቻል። ለማሰብ ግን ያሳስታል። ጠረኑ ለማንም ክፍት ነው። ሌላ ተባይም ያሸተዋል፤ አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ይመጣል። በ2012 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። በተርብ የተያዘ ትል የበላው ጎመን ጠረኑ ካልተያዘው ይለያል። ይህን ልዩነት የሚያነብቡ «የተርብ ተርቦች» አሉ፤ እነሱ የሚገድሉት ትሉን ሳይሆን ረዳታችንን ተርብ ነው። ያው ጠረን ጠባቂውንም የጠባቂውን ገዳይም ይመራል።

ጠረንን አስቦ የመፈብረክ ሙከራም ትምህርት ሰጥቶ አልፏል። ሮታምስቴድ ክሽክሾች ለአደጋ ማስጠንቀቂያ የሚጠቀሙበትን ጠረን ራሱ የሚያመርት የስንዴ ዝርያ በጂን ምሕንድስና ሠራ። በቤተ ሙከራ ክሽክሽ ሸሸ፣ ተርብ ተሳበ። ማሳ ላይ ግን ክሽክሹም አልቀነሰ፣ የተርብ ጥቃቱም አልጨመረ። ውጤቱ በ2015 በይፋ ታተመ። አንደኛው ማብራሪያ ስንዴው ጠረኑን ያለማቋረጥ ማውጣቱ ነው። እውነተኛው ክሽክሽ የሚያወጣው ሲነካ፣ ብልጭ አድርጎ ነው። ሳያቋርጥ የሚጮህ ደወል ማንም አይሰማውም።

## ወደ መጤው ተምች ስንመጣ

መጤው ተምች እዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ጠባይ አለው። ከሌሎች ትሎች በተለየ የበቆሎውን ጠረን ያፍናል። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው እሱ የበላው በቆሎ ተዛማጅ ትሎች ከበሉት ያነሰ ጠረን ያወጣል። ሌባው በር ሳያንኳኳ የሚገባ ዓይነት ነው።

ያም ሆኖ የኛ ተርቦች አላጡትም። በ2017፣ ተምቹ በገባበት በዚያው ዓመት፣ ከኢትዮጵያ ማሳዎች ትሎች ተሰብስበው ሲታዩ ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባለው አገር በቀል ተርብ ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኘች። ማንም አልለቀቃትም። ከሌላ ቀለብ ወደ እንግዳው በራሷ የተሻገረች ናት።

እንግዲህ «የትኛውን ተክል ልትከል?» ላለው ሰው መልሱ እዚህ አካባቢ ነው። ተርብ ከሌላ አገር ከመጥራት በፊት ያለችውን ማቆየት ይቀድማል። ለዚህ ደግሞ ሌላ የተክል ሥራ አለ፤ ቀለብ። የአዋቂ ተርብ ነዳጇ ስኳር ነው። ካላገኘች በጥቂት ቀናት ትሞታለች፣ ካገኘች ብዙ ትቆያለች። አፏ አጭር ስለሆነ ረጅም ቱቦ ካላቸው አበቦች አትጠጣም። እንደ ድንብላል፣ እንስላልና ነጭ አዝሙድ ያሉት ክፍት ትናንሽ አበቦች ይመቿታል። ባቄላ ደግሞ ከአበባው ሌላ በቅጠሉ ሥር ባሉ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወለላ ያወጣል፤ ሳያብብም ያበላታል። በቆሎን ከባቄላ ጋር መዝራት አዲስ ግኝት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን አንድ ተጨመረለት።

የማይረሳው ነገር ርጭቱ ነው። ያገኘውን ነፍሳት ሁሉ የሚገድል ኬሚካል በተረጨበት ሳምንት ጠረኑም አበባውም ትርጉም የለውም፤ የተጠራችው ተርብ መጥታ ትሞታለች። ትሉ እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ሲተርፍ እሷ ግን ቅጠሉ ላይ ናት።

በእጅ ለቀማም ላይ አንድ ነገር አለ። በቆሎ ቅጠል ላይ ከደከመ ወይም ከሞተ ትል አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ድብልብል ይታያል፤ አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ክምችት። ብዙ ሰው የተባይ እንቁላል መስሎት ይጨፈልቀዋል። የኮቴሲያ እጭ ወደ ተርብነት የሚለወጥበት ቤት ነው፤ ውስጡ ለመውጣት የተቃረበች ተርብ አለች። የተለቀመውንም ትል ወዲያው ከማቃጠል ይልቅ የእሳት እራት በማያሳልፍ፣ ተርብ ግን በሚያሳልፍ ደቃቅ ወንፊት በተሸፈነ ባልዲ ውስጥ ጥቂት ምግብ ጨምሮ ማሳው ዳር ማቆየት ይቻላል። ለፍራፍሬ ዝንብ በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው። የእሳት እራቶቹ እዚያው ይቀራሉ። ተርቦቹ በወንፊቱ ቀዳዳ ሾልከው ወደ በቆሎው ይመለሳሉ።